ዲግሪው ከዙሪክ፣ ደኑ ከየት?

አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ በደን ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሲያስብ ከዘመድ፣ ከመምህርና ከቀጣሪ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በዓለም ስንተኛ ነው? በዚህ መለኪያ የስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ከጫፍ ይቀመጣል፤ የአገራችን የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ደግሞ ሌላ ዕድል ላጣ የቀረ ተደርጎ ይታያል። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ መለኪያ ያስኬድ ይሆናል። ለደን ተማሪ ግን ያሳስታል፤ ዛፍ የሚበቅለው በአንድ አፈር፣ በአንድ ዝናብና በአንድ የመሬት ሥሪት ውስጥ ነውና።

ለዚህ ዋናው ምስክር ዙሪክ ራሷ ናት። ተቋሙ በ1855 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የደን ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን የአልፕስ ተራሮች ደን እየተመነጠረ ጎርፍና የድንጋይ ናዳ መንደሮችን ያሰጋ ነበር። የደን ፕሮፌሰሩ ኤልያስ ላንዶልት የተራራውን ደን ሁኔታ አጥንቶ ለፌዴራል መንግሥቱ ያቀረበው ሪፖርት በ1862 ታተመ፤ በ1876 የፌዴራሉ የደን ሕግ ወጣ። ዛሬም የስዊዘርላንድ የደን ሕግ ያለ ፈቃድና ያለ ምትክ ደን መመንጠርን ይከለክላል፤ ከአገሪቱ መሬት አንድ ሦስተኛው ገደማ በደን የተሸፈነ ነው። ዙሪክን ያስከበራት የራሷን ቁልቁለት መጠየቋ ነው። ዛሬ እዚያ የሚመዘገብ ተማሪ ደንን የሚያገኘው በአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ ሥር፣ በደንና መልክዓ ምድር አስተዳደር ዘርፍ ነው፤ የሚያየውም በአብዛኛው የመንግሥትና የማኅበረሰብ ይዞታ የሆነውን የስዊዘርላንድ ደን ነው። ወደ ጄኔቫ የሚያማትር ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የደንና የጣውላ ክፍል ያገኛል፤ የሥራ ክልሉ ግን አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካና መካከለኛው እስያ ነው እንጂ አፍሪካ አይደለም።

ከመሬቱ ርቆ በደን ላይ የመፍረድ አደጋ በ2019 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የኢቲኤች ተመራማሪዎች ዣን-ፍራንሷ ባስቲንና ቶማስ ክራውዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር በጁላይ ወር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 0.9 ቢሊዮን ሄክታር ተጨማሪ መሬት በዛፍ ሊሸፈንና 205 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ሊይዝ እንደሚችል ገመቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ በርካታ ሳይንቲስቶች በዚያው መጽሔት ተቃወሙ፤ ጥናቱ የሣር ሜዳንና ሳቫናን እንደ ባዶ መትከያ ቆጥሯል፣ አፈሩ ቀድሞ የያዘውን ካርቦንም በሚገባ አላሰበም አሉ። ጥናቱ በወጣ ሰሞን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ መንግሥታችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የችግኙ ዓይነት፣ የመሬቱ ባለቤት፣ ከብቱን የሚከለክለው ሰውና ከሦስት ክረምት በኋላ የቆመው ብዛት ነው። ይህንን የሚመልስ ዲግሪ እግሩ ጭቃ የነካ መሆን አለበት።

ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የነጻ ትምህርት ገንዘቡና በመስኩ የታወቀ አማካሪ የሚገኙት ውጭ አገር ነው፤ ወንዶ ገነት ይህን ሁሉ ያቅርብ ማለት ግፍ ነው። እውነት ነው፤ እኔም ማንም አይሂድ አልልም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዶክትሬቱን ያገኘው በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ሠርቶ ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ምን ዘር እንደቀረና የከብት ግጦሽ ችግኝን እንዴት እንደሚያጠፋ መረመረ። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒም ስሙን የተከለው በሰሜን ተራሮችና በአገራችን የአፈር መሸርሸር ላይ ነው። ወንዶ ገነት ራሱ የተመሠረተው በስዊድን እገዛ ነው። እገዛ መቀበል አያሳፍርም፤ ጥያቄውን ከውጭ መቀበል ግን አገር ይጎዳል።

ስለዚህ ነጻ ትምህርት የሚሰጡም ሆኑ ተማሪ የሚልኩ ተቋማት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል፤ ቢያንስ አንድ የመስክ ወቅት በጥድ፣ በወይራ ወይም በዝግባ ደን ውስጥ፣ ከአገር ቤት አንድ ተባባሪ አማካሪ፣ እንዲሁም የተሰበሰበው መረጃ ቅጂ ለወንዶ ገነት። ዙሪክ በዚህ ለመስማማት የሚከብዳት አይመስለኝም፤ እስካሁን አጥብቀን ያልጠየቅነው እኛ ነን።