«የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ፈርሞ መውጣት ይቅር!

በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ በተከሰሰ ቁጥር ከየአቅጣጫው የሚጎርፍለት ምክር አንድ ዓይነት ነው። «የመጀመሪያህ አይደል? ምን ጠበቃ ያስፈልገዋል! ጥፋተኛ ነኝ በል፣ መቀጮህን ክፈል፣ ፈርመህ ውጣ።» ይህን ምክር እኛ ታክሲ ነጂዎች ኤርፖርት ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ሌላው ቡና ላይ፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ይለግሰዋል። መካሪው ቅን ነው፤ ምክሩ ግን ክፉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ምክር መቃወም ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ጠጥቶ መሪ ለጨበጠ ሰው ጥብቅና ለመቆም ብዬ ብዕር አላነሳሁም። ቅዳሜ ሌሊት ከካፒቶል ሂል መጠጥ ቤቶች እስከ ኦሮራ ድረስ ኮልፋክስን ስንመላለስ የምናድር ሰዎች፣ ሰካራም የሚነዳው መኪና ምን ያህል እንደሚያስፈራ አሳምረን እናውቃለን። «እንዲህ ያለ ሰው የሚገባው ጠበቃ ሳይሆን ቅጣት ነው» የሚሉ ወገኖች ቁጣ ይገባኛል። ይሁንና አጥፊው የሚገባውን ቅጣት ይቀበል ማለትና ያላወቀውን፣ ያልተነገረውን ዕዳ ሁሉ ተሸክሞ ይሂድ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ግን በድንቁርና ላይ የተጣለ ግብር ነው።

ለመሆኑ «ፈርመህ ውጣ» የሚሉን ሰዎች የሚፈረመው ወረቀት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? በኮሎራዶ ሕግ በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነጂ ዲ.ዩ.አይ. በሚባለው ወንጀል ይከሰሳል። ከ0.05 አልፎ 0.08 ያልደረሰውም በነፃ አይሄድም፤ ዲ.ደብሊው.ኤ.አይ. የሚባል አነስ ያለ ክስ አለለት። ለመጀመሪያ ዲ.ዩ.አይ. የተደነገገው ቅጣት ከ5 ቀን እስከ 1 ዓመት እስራት፣ ከ600 እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ እንዲሁም ከ48 እስከ 96 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎት ነው። ለአነስተኛው ክስ እስራቱ ከ2 እስከ 180 ቀን፣ መቀጮው ከ200 እስከ 500 ዶላር ነው። ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አጥፊ እስራቱን በትምህርትና በሕክምና ሊያግዱለት ይችላሉ፤ መጠኑ 0.20 ከደረሰ ግን የእስራቱ መነሻ ወደ 10 ቀን ከፍ ይላል። በመንጃ ፈቃድ ላይም ዲ.ዩ.አይ. 12 ነጥብ ሲያስይዝ አነስተኛው ክስ 8 ያስይዛል። ከሁሉ የሚከፋው፣ በዚህ ወንጀል የተሰጠ የጥፋተኝነት ፍርድ በኮሎራዶ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ የሚታሸግ መዝገብ አይደለም። ዕድሜ ልክ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህም አራተኛው ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ሆኗል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት አባቶቻችን ይህን ወረቀት አይተውት የተናገሩ ይመስላል።

ነገሩም በፍርድ ቤት ብቻ አያበቃም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛ ክርክር አለ፤ ይኸውም ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ከዲ.ኤም.ቪ.፣ ጋር ነው። በትንፋሽ ምርመራ 0.08 የደረሰ ወይም አልመረመርም ያለ ሰው ፖሊሱ በሚሰጠው ማስታወቂያ መሠረት በ7 ቀን ውስጥ ልሰማ ብሎ ካላመለከተ መንጃ ፈቃዱ ያለ ክርክር ይሻራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 9 ወር፣ ምርመራ እምቢ ካለ 1 ዓመት። ምርመራው የደም ከሆነ ማስታወቂያው ዘግይቶ በፖስታ ይመጣል። አፓርታማ ቀይሮ አድራሻ ያላስለወጠው ወይም ሚስቱ እንዳትሰማ ብሎ ፖስታውን ሳይከፍት የደበቀው ወገናችን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። 9 ወር የተሻረበት ሰው ጊዜው ሳያልቅ ትንፋሹን ሳይለካ መኪናውን የማያስነሳ መሣሪያ አስገጥሞ መንዳት የሚችልበት መንገድ አለ። ግን ይህን ማን ነገረው? በመሪ ለሚተዳደር፣ ቤተሰቡን ለሚያበላ ሰው፣ ዘጠኝ ወር ከመሪ መራቅና መሣሪያ አስገጥሞ መንዳት አንድ ናቸውን?

ክሱ የሚታይበት ቦታ እንኳ የሚያደናግር ነው። ኦሮራ በሦስት ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። በኮልፋክስ ሰሜናዊ ጎን የተያዘ ሰው ጉዳዩ ወደ አዳምስ ካውንቲ፣ ወደ ብራይተን፤ መንገዱን ተሻግሮ በደቡብ የተያዘው ደግሞ ወደ አራፓሆ፣ ወደ ሴንቴኒያል ሊሄድ ይችላል። ካፒቶል ሂል የተያዘው ዴንቨር ይቀርባል። በተሳሳተ ቦታ ቆሞ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው የእስር ማዘዣ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ዜጋ ያልሆነው ወገናችን ጉዳይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት የመጀመሪያ ክስ ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሀገር አያስወጣም። ግን ልጁ መኪናው ውስጥ ነበር እንበል። ዐቃቤ ሕጉ በልጅ ላይ የደረሰ በደል ብሎ ሌላ ክስ ቢጨምርስ? እሱ ከሀገር ሊያስወጣ ይችላል። ዜግነት ሲጠየቅም መታሰርና መከሰስ በቅጹ ላይ ይጠየቃል፤ መልካም ጠባይም ይመረመራል። የፍትሕ ሚኒስትሩ በ2019 በሰጡት ውሳኔ ደግሞ በሚመረመረው ጊዜ ውስጥ ሁለት እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ዛሬ «ቀላል» ተብሎ የተፈረመው አንደኛው፣ የነገው ሁለተኛ መሠረት ነው።

ሆሴ ፓዲላ የሚባል ሰው ነበር። ሆንዱራስ ተወልዶ፣ በቪየትናም ጦርነት ለአሜሪካ ተሰልፎ፣ አርባ ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረ የጭነት መኪና ነጂ ነው። በዕፅ ተከሶ ጠበቃው «ይህን ያህል ዘመን ኖረሃል፣ አትስጋ» ስላለው ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ከዚያ የመባረር አደጋ ተደቀነበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ፍርድ፣ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የእምነት ቃሉ ከሀገር ሊያስወጣው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ልብ በሉ! ግዴታው የተጣለው በጠበቃው ላይ ነው። ያለ ጠበቃ የቆመ ሰው ይህን ግዴታ የሚሸከምለት የለም። ዳኛው በጥቅሉ ቢያስጠነቅቁት እንኳ የኢሚግሬሽን ፋይሉን አያውቁትም። በነፃ የሚመደብለት የአማርኛ አስተርጓሚም ቃል ያስተረጉማል እንጂ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም።

«ገንዘቡስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የግል ጠበቃ ሺህ ዶላሮችን ይጠይቃል። ግን ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አለ፤ እሱም ሙሉ ጠበቃ ነው። ይህ መብት እንዲሁ የወረደ መና አይደለም። በኮሎራዶ በቀላል ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ጠበቃ ከማግኘቱ በፊት ከዐቃቤ ሕጉ ጋር እንዲነጋገር የሚያስገድድ ሕግ ነበር። እዚሁ ካፒቶል ሂል፣ በወርቅ ጉልላቱ ሥር የተሰበሰበው ምክር ቤት ያንን ሕግ የሻረው በ2013 ነው። ሌሎች ታግለው ያስገኙልንን መብት እኛ በይሉኝታ እንጥለው? የመንግሥቱ ጠበቃ በዲ.ኤም.ቪ. ጉዳይ እንደማይቆም ግን መታወቅ አለበት፤ ለዚያና ለኢሚግሬሽኑ ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደግሞም ጠበቃ ሁሉ መልአክ አይደለም። «ክሱን ደብዛውን አጠፋልሃለሁ» የሚል ካጋጠመ ገንዘብ ሳይሰጡ መሸሽ ነው። የኮሎራዶ ሕግ፣ ክሱን የሚያስረዳ በቂ ማስረጃ እስካለ ድረስ ዐቃቤ ሕጉ የመጠጡን ጉዳይ ትቶ በተራ የትራፊክ ጥፋት እንዲስማማ አይፈቅድም። ደህና ጠበቃ ተአምር አይሸጥም፤ ምርመራው በደንቡ መደረጉን ያያል፣ ቀኖቹን ይጠብቃል፣ የሚፈረመው ምን እንደሚያስከትል ይነግራል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ማንም ሰው ጠበቃ ሳያነጋግር አይፈርም። ዜጋ ያልሆነ፣ በመሪ የሚተዳደር፣ ልጅ ይዞ የነበረ፣ አደጋ ያደረሰ ሰው ደግሞ ዕቁቡን አስቀድሞ ተቀብሎም ቢሆን ጠበቃ ሳይዝ ችሎት አይቁም። ለእድሮቻችንም ጥያቄ አለኝ። አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ገንዘብ እናሰባስባለን፤ ይህ ክብራችን ነው። ታዲያ አንድ የቤተሰብ አባወራ በሕይወት ሳለ ከልጆቹ እንዳይለይ ለአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር የሚሆን ገንዘብ ከእድሩ ሣጥን መመደብ ለምን አቃተን? ለሞተው እየተረባረብን በቁም ያለውን «አፍሮ ይፈርም» ማለት ምን ዓይነት መረዳዳት ነው?

እኛ «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል የምንል ሕዝብ ነን። ቆሞ መጠየቅ ባህላችን ነው። በዚህ ሀገርም ከመፈረማችን በፊት ቆም እንበል።