ነፃ ትምህርትና የዋግ ኽምራ ቤተሰቦች ወጪ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አድርጓል። ይሁን እንጂ ለዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች አርሶ አደር ከባዱ ወጪ የትምህርት ቤት ክፍያ አይደለም። ልጁ 8ኛ ክፍልን አጠናቆ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ ወረዳው ከተማ ሲሄድ የቤት ኪራይ ይከተላል፤ ስንቅ ከቤት ይጫናል፤ እርሻውም አንድ ጉልበት ያጣል። ገንዘቡ የሚገኘው ፍየል ወይም ማር ተሸጦ ነው፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ደግሞ የሚሸጠውም ይመናመናል።

በዚህ ላይ የአስጠኚ ክፍያ ተጨምሯል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ የሚካድ አይደለም፤ ሆኖም ከ12 ተፈታኞች 1 ገደማ ማለት ነው። ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ጥያቄው ግን ገንዘቡ መቼ ይውጣ የሚለው ነው። ብዙ ቤተሰብ ያለችውን ጥሪት ለ12ኛ ክፍል ያቆያል። በአካባቢው ያለው የትምህርት ክፍተት ግን ከዚያ በፊት የተፈጠረ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 6ኛ ክፍል የነበረ ተማሪ፣ ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2018 ዓ.ም. ነው። ይኸው ተማሪ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሰቆጣ በጦርነት ውስጥ ሳለች 8ኛ ክፍል መግባት ነበረበት። በኽምጣኛ ፊደል የቆጠረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፊዚክሱንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ይጠብቁታል። ይህን ሁሉ ክፍተት የሁለትና የሦስት ወር አስጠኚ ሊደፍነው አይችልም።

ስለዚህ የፍየሏ ዋጋ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የበለጠ ይሠራል፤ ለመብራት፣ ለደብተር፣ ልጁ በአዝመራ ወቅት ከክፍል እንዳይቀር ጉልበት ለመተካት። ምግብም ከትምህርት ወጪ ሊቆጠር ይገባል፤ መቀንጨርን ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው ብሔራዊ ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወላጆች ለግል አስጠኚ ከመክፈላቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ወይም ከፈረቃ ውጪ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ እንደሆነ ርእሰ መምህሩን ቢጠይቁ ይመረጣል። መዋጮ ሲጠየቁም በምን ውሳኔ እንደተጣለ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት መረዳት ይችላሉ።