መሪው ወደ ጎን ሲስብ

ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ብዙ ቤተሰብ በመኪና ይወጣል። ወደ ቁልቢ የሚሄደው አዳማን አልፎ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ይጓዛል፤ ወደ ሐዋሳ የሚሄደውም ከሞጆ ታጥፎ መቂንና ባቱን ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተሽከርካሪ የተከፈተው፥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በከተማ ውስጥ በ40 ስትሄድ ጤነኛ ትመስል የነበረች መኪና ሕመሟን የምትገልጠው በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ነው።

ብዙ ባለ መኪኖች ይህን ሕመም ሁሉ «አላይመንት ነው» ይሉታል። ነገር ግን ሐኪም ትኩሳት ያየበትን ሁሉ ወባ ይዞታል እንደማይል፥ ባለ መኪናም ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

መሪው በዝግታ ሲነዳ ጸጥ ብሎ፥ በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ቢንቀጠቀጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጎማ ባላንስ ማጣት ወይም በጉድጓድ የተጣመመ ቸርኬ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ቢንቀጠቀጥ የፍሬኑን ዲስክ ማስመርመር ነው።

መኪናዪቱ ዘወትር ወደ አንድ ጎን ብትስብ፥ አስቀድሞ የአራቱን ጎማዎች አየር ጠዋት ሳይሞቁ ማስለካት ይገባል፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተጽፎ ይገኛል። አየሩ ተስተካክሎ መሳቡ ካልቀረ፥ የፊተኞቹን ጎማዎች ቀኙን ወደ ግራ፥ ግራውን ወደ ቀኝ አዛውሮ መሞከር ነው። መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን አላይመንቱ ወይም ያልለቀቀ ፍሬን ይሆናል። የአዟዟር ቀስት ያለበት ጎማ ግን እንዲህ አይዛወርም።

በአዳማ አቅራቢያ ደግሞ ይህን ከነፋስ መለየት ያስፈልጋል። በከተማዪቱ ዙሪያ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት አገሩ ነፋሻ ስለ ሆነ ነው። ነፋስ መኪናን ገፍቶ ይለቃል፤ የተዛባ አላይመንት ግን ነፋስ በሌለበትም ቀን አይለቅም።

የጎማውን አበላልም በዓይንና በእጅ መመርመር ይቻላል። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ አየሩ አንሷል፤ መካከሉ ካለቀ አየሩ በዝቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ጎማው ከልክ በላይ ማዘንበሉን ያመለክታል። እጅ ወደ አንድ ወገን ሲዳስስ ለስልሶ፥ ሲመለስ እንደ መጋዝ ከሻከረ፥ ጎማዎቹ ትይዩ ሆነው አልሄዱም ማለት ነው።

መኪናዪቱ መስመሯን ሳትጠብቅ ብትዋልል፥ ቴስቲኒው ወይም ኩሽኔታው አልቆ ሊሆን ይችላል። በላላ ዕቃ ላይ የተሠራ አላይመንት አይጸናም፥ ገንዘቡም ይባክናል። ስለዚህ መካኒኩን «አላይመንት ሥራልኝ» ከማለት ይልቅ «የፊት እግሩን መርምረህ፥ የላላውን ቀይረህ፥ ከዚያ በኋላ አስተካክልልኝ» ማለት ይሻላል። በጉዞ ላይ በድንገት የጀመረ መንቀጥቀጥ ግን የጎማ ብሎን መላላት ወይም የጎማ መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል፥ ፍጥነትን ቀስ በቀስ ቀንሶ ከመንገዱ ዳር መቆም ግዴታ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ከዚያ ወድቆ በሚሞት ሰው ደም ባለቤቱ ይጠየቃልና። ዛሬ ልጆቹን፥ እናቱንና ጎረቤቱን ጭኖ ለሚነዳ ሰው ጎማውና መሪው እንደዚያ መከታ ናቸው። በመስተዋቱ ላይ መስቀል መስቀሉ መልካም ነው፤ ከምርመራው ግን ነጻ አያደርገውም። እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ መኪናችሁን በዋዜማው ሳይሆን ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ አስመርምሩ፤ የተገኘው ጥፋት ተጠግኖ በመንገድ የሚፈተንበት ጊዜ ይኑራችሁ።