ሳንቲሙ ምን ይላል?

ከጓደኞቻችን አንዱ የውጭ አገር ሳንቲም ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፣ የሚከቡት ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ያወጣል?» ብለው ነው። ጽሕፈቱን ለማንበብ የሚሞክር እምብዛም አይገኝም፤ ፊደሉ እንግዳ ነውና። በእኔ አስተያየት ግን የሳንቲሙን አገርና ዘመን ለማወቅ ቋንቋውን መማር የግድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የአገሩን የቁጥር ምልክቶችና የዘመን አቈጣጠሩን ማወቅ ይበቃል።

በየቤታችን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዐረብ አገር የመጣ ነው። እኅቶቻችንና አክስቶቻችን ከሥራ ሲመለሱ በቦርሳቸው ጥግ የቀረው ዝርዝር ነው፤ ባንክም ብዙ ጊዜ ወረቀቱን እንጂ ሳንቲሙን ስለማይመነዝር የሕፃናት መጫወቻ ይሆናል። እነርሱ ለፍተው ያመጡትን ማንበብ አለመቻላችን ያሳዝነኛል፤ ይልቁንም ፊደል ለቈጠረ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የዐረቡ ሰባት የእኛን «ሀ» ይመስላል፤ ስምንት «ለ»ን ይመስላል፤ አምስት ደግሞ ዐይኑን «ዐ»። ዜሮ ነጥብ ብቻ ነው። አሳሳቹ አምስት ነው፤ ክብ በመሆኑ ብዙ ሰው ዜሮ ነው ይለዋል። ስድስትም የፈረንጁን 7 ስለሚመስል እርሱንም መጠንቀቅ ያሻል።

ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ ሌላ እንቅፋት አለ። 1400 የሚል ሳንቲም ያገኘ ሰው የስድስት መቶ ዓመት ቅርስ አገኘሁ ብሎ ይደሰት ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ የሂጅራ አቈጣጠር ነው። 1400 ዓመተ ሂጅራ የገባው በኅዳር 1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1979 መሆኑ ነው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በመቀነስ ብቻ አይገኝም። ግብጾች ለአንባቢው ያዘኑ ይመስላሉ፤ የቱታንክሃሙን ምስል ያለበት የ1 ፓውንድ ሳንቲማቸው 1426 እና 2005 የሚሉትን ሁለቱንም ዓመታት፣ በዐረብ ቁጥር ቢሆንም፣ ጎን ለጎን ይዟል።

ጃፓኖች ባለ ቀዳዳው የ5 የን ሳንቲማቸው ላይ አንድም የፈረንጅ ቁጥር አላደረጉም፤ ዓመቱንም በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ይቈጥራሉ። በእስራኤል ሳንቲም ላይ ደግሞ ዓመቱ በፊደል የተጻፈ ሆኖ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቈጠር ነው። ይህ ባሕረ ሐሳብ ላለው ለእኛ አገር እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም።

አሁን የራሳችንን እንመልከት። የላም በረት ልጅም ሆነ የቦሌ ልጅ በኪሱ የያዘው የ1969 ዓ.ም. ሃምሳ ሳንቲም አንድም የላቲን ፊደል ወይም ቁጥር የለበትም። ለውጭ አገር ሰው ከአንበሳው ራስ በቀር የሚይዘው ምልክት የለም። እንደ ምንም ብሎ ፲፱፻፷፱ን ቢያነብ እንኳ የራሱ 1969 ይመስለዋል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ይስታል። ይህን ለእንግዳው እንተውለት። እኔን የሚያሳስበኝ ከእኛው መካከል ስንቱ ያነበዋል የሚለው ነው። የግእዙ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ አፋችን እንደሚናገረው ነው የሚጻፈው፤ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷፱ ስልሳ ዘጠኝ። የዐረቡ ቢከብደን ምክንያት አለን፤ በዚህኛው ግን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

እርግጥ የተነበበ ዓመት ሁሉ እውነተኛውን አይናገርም። ማርያ ቴሬዛ በአውሮፓውያን 1780 ሞተች፤ መልኳ ያለበት ጠገራ ብር ግን ያንኑ 1780 እንደ ያዘ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በቦምቤይም ሳይቀር ተቀርጿል። ስለዚህ ሻጭ ቁጥሩን ብቻ እያሳየ «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነው» ቢል ገዢው ይጠንቀቅ። የእኛም 1936 ዓ.ም. የሚለው ሳንቲም ዓመቱ ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ተሠርቷል። አባቶቻችን የላቲኑን ጽሕፈት ባያነቡም የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የራስዋን ፈርጥ አስተውለው፣ በእጃቸውም መዝነው ጥሩውን ከመጥፎው ይለዩ ነበር።

ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይነግረን የለም ወይ የሚሉ አሉ። አገሩን ብዙ ጊዜ ይነግራል፤ ነገር ግን መልካቸው አንድ ሆኖ ዓመታቸው ብቻ የሚለያይ ሳንቲሞች አያሌ ናቸው፤ ዓመቱን ደግሞ የሚያነብ ዐይን ያስፈልጋል።

መምህሮቻችንን የምለምነው በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ባለ መስተዋት ሣጥን እንዲቆምልን ነው። ወላጆቻችንም በመሳቢያ የተጣለ ሳንቲም ካላቸው ይስጡን። ከበታቹ ስም አይለጠፍበት፤ አገሩንና ዓመቱን ተማሪው ራሱ ፈልጎ ይጻፍ። መጀመሪያ የሚገባው ግን የራሳችን ሃምሳ ሳንቲም ይሁን።