የጎፋን ሞት በዝናብ ብቻ አናሳብብም

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በዝናብ የራሰ መሬት ተንዶ ሰው ተቀበረ። ጎረቤት ለጎረቤት ደረሰ፤ አካፋ ያለው በአካፋው፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አብረው ነበሩ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ዳግመኛ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ዋጣቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

ዝናብን ማውገዝ ከንቱ ነው። የምናወግዘው እነዚያን ደጋግ ሰዎች ያለ ዕውቀትና ያለ መሣሪያ ለሞት ያጋለጠውን አሠራር ነው።

አንዴ የተናደ ተዳፋት ውሃ እንዳዘለ ስለሚቆይ እንደገና ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ቁፋሮ ሲጀመር ከአደጋው ርቆ ገደሉን የሚጠብቅ ሰው ይቆማል፤ ሕዝቡ ይርቃል፤ ጥቂቶች ብቻ ይገባሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም አስቀድሞ ወደተለየው አስተማማኝ ቦታ ይሮጣል። ፊሽካና ሥልጠና የአገር በጀት አያናጋም። ባለሙያ የሚያውቀው ይህ ዕውቀት አርሶ አደሩ ደጃፍ ድረስ አለመውረዱን እናወግዛለን።

በ2005 ዓ.ም. አገሪቱ ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ አውጥታ፣ ከአደጋ በኋላ እርዳታ ከማደል ስጋትን አስቀድሞ ወደ መቀነስ እሸጋገራለሁ፣ ሥራውንም ወደ ታች አወርዳለሁ ብላ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ፖሊሲው 11 ዓመት በሞላው ጊዜ ጎፋ ተከተለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱና የሐዘን መግለጫው ከአደጋው በኋላ ደረሱ።

ቃል ገብቶ ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ መተውን እናወግዛለን። ሥልጠናን የከተማ ሆቴል አበል ማድረግን እናወግዛለን። መሄጃ መሬት ሳይሰጡ «ከዳገቱ ውረዱ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ ማለትን እናወግዛለን። የሰውን ቸልተኝነት «የእግዜር ቁጣ» በሚል ስም መሸፈንንም እናወግዛለን።

ውግዘቱ የሚነሳበት መንገድ አለ። ክረምት ከመግባቱ በፊት በየተራራማው ቀበሌ የመሬትን ስንጥቅ፣ የዛፍን ማጋደልና የምንጭን ድንገተኛ መደፍረስ አይቶ አደጋን የሚለይ የሰለጠነ ሰው ይኑር። የበላይ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ሕዝቡን የሚያስነሳበት ሥልጣን፣ ለዚሁም ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ይሰጠው፤ ለተነሺዎችም መሬት ይዘጋጅ። እስከዚያው ግን «ሳናውቅ ደረሰብን» የሚል ምክንያት ከማንም ሹም አንቀበልም፤ ከጎፋ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይቻልም።