ዝንጅብሉም ይፈላ፣ ለምለሙም ይበጥበጥ

ሆድ ሲነፋ ወይም ቁርጠት ሲነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ምድጃችን ነው። ከአገር ቤት የምናውቃቸው ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ አብሽና ዝንጅብል አሉ። በገዳሪፍ ሱቅ ደግሞ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ሐርጀል፣ ከርከዴ፣ ዐረዴብና ሒልባ ይሸጣሉ፤ ሒልባ ያው የእኛ አብሽ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንድ የጤና ባልደረቦቼ «ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው፣ ተዉት» ይላሉ። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «ቅጠሉ ከክኒኑ ይበልጣል» ይላሉ። በእኔ አመለካከት ሁለቱም አነጋገሮች ሰውን ይጎዳሉ።

ንቀቱ የሚጎዳው እናትን ዝም ስለሚያሰኛት ነው። ባለፈው ጊዜ የተቆጣናት እናት ዛሬ ለልጇ ያጠጣችውን አትነግረንም። ልጁ ሰናመኪ ጠጥቶ ከሆነ ተቅማጡ ከዚያ ሊመጣ ይችላል፤ እኛ ግን ሌላ በሽታ እንፈልጋለን። ደግሞስ ሁሉም ነገር ከንቱ አይደለም። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ቻይናውያን እርጥቡንም ደረቁንም ዝንጅብል፣ እንዲሁም የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ ለሆድ ሕመም ሲጠቀሙ ብዙ ዘመናት አልፈዋል። ሱዳናውያንም ቡናቸው ውስጥ ዝንጅብል ይጨምራሉ።

ከቻይና ሌላም የምንማረው አለ። ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ በጥንት የሕክምና መጽሐፍ ከተጠቀሰ ተክል እ.ኤ.አ. በ1972 አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከባልደረቦቻቸው ጋር ለይተው አወጡ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ከዚያው ግኝት የመጣ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ቅጠሉን አፍልቶ በመጠጣት ወባን ማከም አይመክርም፤ በሻይ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅምና። እንግዲህ የአባቶች እውቀት ሊከበር ይገባዋል፤ ሆኖም መለኪያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ሻይ ቦታውን መልቀቅ ያለበት ተቅማጥ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በገዳሪፍ ግዛት ኮሌራ መግባቱ መታወጁን አንርሳ። ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው አሟጦ ነው። የዝንጅብል ሻይ ይህን ጨው አይተካም። ስኳሩ የበዛ ሻይ ደግሞ ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1971 በሕንድ ድንበር፣ ቦንጋዎን በተባለ ቦታ፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ የሸሹ ስደተኞች በኮሌራ ያልቁ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ብዙውን ፈሳሽ ያጠጡት የታማሚዎቹ ዘመዶች ነበሩ። ለምለም (ኦ.አር.ኤስ) የምንለው የዚያ ልጅ ነው፤ እንደ እኛ ባሉ ስደተኞች መጠለያ ተፈትኖ ያለፈ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ተቅማጥ ሲጀምር፦

- አንድ ፓኬት ለምለም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።
- ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ጡት ማጥባት አይቋረጥ።
- ዚንክ ከተሰጣችሁ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ጨርሱት።
- ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባና ሽንት ካጣ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም የሩዝ ውሃ ከመሰለ፣ በመንገድ ላይ ለምለም እያጠጣችሁ ወዲያው ወደ ክሊኒክ አምጡት።

ስለ ሻዩም ጥንቃቄዎች አሉ። ዕድሜው ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ፣ የአብሽ ውሃም ሆነ ሐርጀል፣ አይሰጥ። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምና ኮሶ አትውሰድ። ሰናመኪና ዐረዴብ ሆድን ያላላሉ፤ ለተቅማጥ አይሆኑም። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ሲያበዛ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ሻይ ቅጠል ከምግብ ጋር አትጠጣ። «የቻይና የማቅጠኛ ሻይ» እየተባሉ በፓኬት ከሚሸጡት ውስጥ ሰናመኪ ያለባቸው ስላሉ፣ ምን እንደያዘ ማንበብ ያልቻላችሁትን አትጠጡ።

ለባልደረቦቼና ለበጎ ፈቃደኞች የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። ቤት ለቤት ስንዞር «ምን መድኃኒት ወሰደ?» ብቻ ብለን አንለፍ። «ቤት ውስጥ ምን አፍልታችሁ ሰጣችሁት?» ብለን ያለ ቁጣ እንጠይቅ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ እንጻፍ። እናንተም እናቶች፣ አባቶች፣ ሳትሸሽጉ ንገሩን። ለነፋ ሆድ ዝንጅብሉን አፍሉ፤ ለተቅማጥ ግን ለምለሙን አስቀድሙ።