ዘ ኤክሶርሲስት በማሻ፦ ይታይ ወይስ ይቅር?

ይቅር
(የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ)

እዚህ ሸካ፣ ማሻ ላይ ጉም ከወረደ ከቀኑ ዐሥር ሰዓትም ማታ ይመስላል። ባለፈው ክረምት እንዲህ ባለ ቀን የጎረቤቶቼ ልጆች በረንዳ ላይ አንድ ስልክ ከበው ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ሚሞሪ ላይ ያስጫኑት ፊልም ዘ ኤክሶርሲስት ነበር። ከኋላቸው ቆሜ ጥቂት አየሁ። አልጋዋ እየዘለለ የሚያንገላታት፣ ካህኑ ላይ የምታስታውክ፣ አንገቷ ወደ ጀርባዋ የሚዞር፣ ሰይጣን የያዛት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ከተመልካቾቹ ትንሹ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። የወንድሙን ሹራብ ጫፍ ጨብጦ ነበር የሚያየው። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ብቻውን ደጅ አልወጣም እያለ እንዳስቸገራት እናቱ ነገረችኝ።

ፊልሙ የቆየ ነው። ዊሊያም ፒተር ብላቲ በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ልብ ወለድ ዊሊያም ፍሪድኪን ወደ ፊልም መለሰው፤ አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው በታኅሣሥ 1966 ዓ.ም.፣ እኛ አገር አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ሰይጣን የለም ብዬ አይደለም የምቃወመው። አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ሰዎች እሱን የት ሄደው እንደሚፈልጉት ነው።

በፊልሙ ውስጥ ሐኪሞች ልጅቷን አንገቷ ላይ መርፌ ሰክተው ይመረምራሉ፣ ራጅ ያነሳሉ፣ በመጨረሻም ያቅታቸዋል። ይህንን ያየ ልጅ የሚጥል በሽታ ያለበትን የክፍል ጓደኛውን በምን ዓይን ያየዋል? እንዲህ ያለ ልጅ አውቃለሁ። ኪኒኑን በሰዓቱ ሲወስድ ወራት ሙሉ ሳይወድቅ ይቆያል። አንድ ቀን ግን የክፍሉ ልጆች ፊልሙ ውስጥ ባለችው ልጅ ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም።

ሌላም ነገር አለ። አያቴ ሸከቾ ናቸው። ጉዶ ወደሚባለው የተከበረ ደን ሲቃረቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እዚያ ቅጠል አይቀነጠስም። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ እስኪመዘገብ ድረስ ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይህ አክብሮት ነው። አክብሮትና ድንጋጤ አንድ አይደሉም። አያቴ ዛፉን ያከብሩት ነበር እንጂ እያዩት አይጮኹም። የዛሬ ልጆች ግን በዚያ ሲያልፉ «የሰይጣን ቤት» እያሉ ይሮጣሉ፤ የሰይጣን ቤት የተባለን ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ለማንም አይከብድም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ሰውን ያንበረክካል። ይህ ፊልም የሚዘራው ፍርሃት ሰውን የሚያስሮጥ ነው።

ይታይ
(የሥነ ጽሑፍ መምህርት)

ጋሼ፣ በትንሹ ልጅ ነገር አልሟገትዎትም። ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ፊልም ዕድሜ አይደለም፤ በረንዳ ላይም ማየት ልክ አይደለም። ግን እርስዎ ያዩት ጥቂት ነው። እኔ ሙሉውን ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር አይቼዋለሁ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ማስፈራት ታውቅበታለች። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ዲያብሎስ በእሳት መካከል ተስሎ ይታያል። ሕዝቡ ግን ይሸሸዋል እንዴ? እንዲያውም ከሩቅ አገር ድረስ መጥቶ ያየዋል። እኔም በላዔ ሰብእን በሥዕል ያየሁት ከእናቴ ነጠላ ሥር ሆኜ ነው፤ የሰው እግር ይዞ ሲበላ። ሰባ ስምንት ሰው፣ ቤተ ሰቡን ሳይቀር የበላ ሰው! ብዙ ሌሊት አስፈራኝ። በየካቲት 16 ቀን ታሪኩ ሲነገር ስሰማ ግን፣ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ከዚያ ሁሉ ኃጢአት በልጦ ሚዛን እንደደፋ ገባኝ። ባልፈራ ኖሮ ያቺ ጥርኝ ውኃ ምን ያህል እንደምትከብድ አይገባኝም ነበር።

በፊልሙም ውስጥ ውኃ አለ። ወጣቱ ካህን ካራስ ሐኪም ነው፤ የአእምሮ ሐኪም። ልጅቷ ላይ የቧንቧ ውኃ ረጭቶ ጸበል ነው ይላታል። ትጮኻለች፣ ትንፈራገጣለች። እሱ ግን «ይኸው ሰይጣን ወጣ» አላለም፤ ጥርጣሬው ባሰበት። የሚጥለውን ልጅ አነሡ፣ እውነት ነው፤ ያማል። ግን ያንን ልጅ የሰደቡት ተማሪዎች ይህችን ትዕይንት አስተዋይ ሰው አብሯቸው ተቀምጦ ቢያዩዋት ኖሮ፣ ካህን እንኳ ከመፍረዱ በፊት እንደሚመረምር ይማሩ ነበር።

ፊልሙ ለዐሥር ኦስካር ታጭቶ ሁለት ወስዷል፤ ከአስፈሪ ፊልሞችም ለምርጥ ፊልም ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው ነው። ለተማሪዎቼ አሠራሩንም ነግሬአቸዋለሁ። የተዋንያኑ እስትንፋስ እንዲታይ የልጅቷ መኝታ ክፍል ተደርጎ የተሠራውን ቤት በማሽን አቀዘቀዙት። የሰይጣኑ ድምፅ ደግሞ የሴት ነው፤ መርሴዲስ ማክኬምብሪጅ የምትባል ተዋናይት። አንድ ተማሪ «እኛም ጠዋት ስንሰለፍ እስትንፋሳችን ይታየናል» ሲል ክፍሉ ሁሉ ዘና አለ። ፍርሃቱ እንዴት እንደተሠራ ሲያውቁ አእምሯቸው ወደ ታሪኩ ተመለሰ።

ታሪኩ የፈተና ታሪክ ነው። ሰይጣን ጌታችንን በገዳመ ቆሮንቶስ ሲፈትነው በቀንድና በጅራት አልመጣበትም፤ ጥቅስ እየጠቀሰ ነው የመጣው። በስስት፣ በትዕቢት፣ በፍቅረ ነዋይ ሞከረው። ካራስ ጋ የመጣው በእናቱ ድምፅ ነው። እናቱ ድሃ ነበረች፣ ብቻዋን ሞታለች፣ እሱም ትቻታለሁ ብሎ ራሱን ይከሳል። ሰይጣኑ ያቺን ቁስል አገኛት። ከአልጋው መዝለል ይልቅ ያ ድምፅ ነው እኔን ያስፈራኝ። በእንዲህ ያለ ድምፅ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ማሻ ላይ የለም ይሉኛል? ሥራ አጥቶ፣ ቴፒ ወርዶ የቡና ለቀማም ሞክሮ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ «እግዚአብሔር ረስቶኛል» የሚል ልጅ ሰበካችሁ ውስጥ የለም?

ይቅር፣ አሁንም

እህቴ፣ ስለ ውኃው ያልሽውን አላየሁም ነበር፤ ጥሩ ነው። ፍጻሜውን ግን ከዚያ ወዲህ ሄጄ አይቼዋለሁ። አረጋዊው ካህን ጸሎቱን ሳይጨርስ አልጋው ሥር ሞቶ ይገኛል። ወጣቱ ልጅቷን በጡጫ ይደበድባታል፣ ሰይጣኑን «ወደ እኔ ግባ» ይለዋል፣ ከዚያም በመስኮት ዘሎ ይወድቃል። እኔ የማውቀው አጋንንት በስሙ ሲወጡ ነው። እዚህ ጸሎቱ አቃተው፣ ጡጫ ሠራ። ይህንን ያየ ልጅ ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል?

ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስታስፈራን ብቻችንን አትተወንም። ካህኑ እዚያው አለ፤ ኑዛዜ አለ፣ ቅዳሴ አለ። በላዔ ሰብእን ስታዪ የእናትሽ ነጠላ ላይሽ ላይ ነበር። ልጆቹ ስልኩን ሲያጠፉ ግን ማን አጠገባቸው አለ?

ይታይ፣ አሁንም

እርስዎ አሉ፣ ጋሼ። ልመናዬም ይኸው ነው።

ስለ ፍጻሜው ግን አንድ ነገር አምልጦዎታል። ካራስ ሰይጣኑ እጁን ወደ ልጅቷ አንገት ሲሰድበት ነው የዘለለው፤ እሷን ላለመግደል። ከመስኮቱ ሥር ረጅም የድንጋይ ደረጃ አለ። እየተንከባለለ እታች ይደርሳል፤ ደም በደም ሆኗል፣ መናገር አይችልም። ጓደኛው ካህን ሰው ገፍቶ ይደርሳል። ያንን ካህን ሆኖ የተወነው ዊሊያም ኦማሊ በእውነተኛ ሕይወቱም የኢየሱሳውያን ካህን ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ መናዘዝ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ካሜራው ወደ እጁ ይጠጋል። የሞተ የመሰለው ሰው ጣቶች ቀስ ብለው የጓደኛውን እጅ ይጨብጣሉ። ካህኑ እያለቀሰ ይፈታዋል።

እርስዎ ኑዛዜ ያላዩበት ፊልም ውስጥ የካራስ ታሪክ የሚያበቃው በኑዛዜ ነው። እዚያ ስንደርስ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። አንዷ ተማሪዬ የራሷን እጅ ጨብጣ ነበር፤ ማድረጓን ያወቀች አይመስለኝም። ሲያልቅ መጥታ፣ መናገር ያቃተው ሰው በእጁ ብቻ ከተናዘዘ ንስሐው ይቆጠርለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሥነ ጽሑፍ እንጂ ቀኖና አላስተምርም፤ ለእርስዎ አቆየሁት። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት እንደገና እናየዋለን። ወንበር እይዝልዎታለሁ።